ብቸኝነት፣ ዘርና ጉርብትና፦ ወሎ ውስጥ ሥነ ጥበብ ከምን ይነሣል?

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ደሴ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼና ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር የቡድን ዐውደ ርእይ እያዘጋጀን ነው። ርእስ ለመምረጥ ስንቀመጥ ሦስት ሐሳብ ቀረበ፤ አንዱ ብቸኝነት አለ፣ ሌላው ዘር አለ፣ ሌሎቹ ደግሞ ጉርብትና አሉ። ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። ስለዚህ ጥያቄውን እዚህ አምጥቼዋለሁ። የምትሥሉ፣ የምትጠልፉ፣ የምትገጥሙ፣ የምታንጎራጉሩ ሰዎች፣ እጃችሁን ወደ ሥራ የሚስበው የትኛው ነው?

እኔ ብቸኝነት ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴም ከራሳችን ተራራ የመጣ ነው። ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሲት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ ገና በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ሙዚቃን ያገኙት እዚያ፣ ከእናት ከአባት ርቀው ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ከቤተሰባቸው ጋር ተይዘው አዚናራ ደሴት ላይ ታሰሩ። በኋላ ካይሮ ሄደው ፒያኖና ቫዮሊን አጠኑ። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን ለመቀጠል የነበራቸው ተስፋ ሲዘጋባቸው ከሰው ተለይተው ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፣ አምባሰል ላይ። እዚያ በባዶ እግራቸው ወደ 10 ዓመት ያህል ኖሩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የተሰማው የፒያኖ ሥራቸው ዛሬ ዓለም የሚያዳምጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር።

እኔ ሙዚቃቸውን ስሰማ የግሸን ጫፍ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ይሰማኛል። መስከረም 21 ቀን ሕዝበ ክርስቲያኑ የሚጎርፍበትን ግሸን አላልኩም፤ በሐምሌ ጉም የሚውጠውን፣ ሰው የማይወጣበትን ግሸን ነው። ተማሪዎቼንም የምመክራቸው ይህንኑ ነው፤ ስልካችሁን ዝጉ፣ ከሰው ራቁ፣ ከራሳችሁ ጋር ተቀመጡ እላቸዋለሁ። ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።

ሐይቅ ዳር

መምህር፣ በአክብሮት እቃወምሃለሁ። ግሸን ላይ ፒያኖ አልነበረም። እማሆይ የመጀመሪያ ሙዚቃቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙት ከተራራው ወርደው ሰው መሃል ከኖሩ በኋላ ነው፤ ገቢውም ለችግረኞች መርጃ ነበር የታሰበው። ተራራው የሰጣቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ሙዚቃው የወጣው የሚሰማው ሰው ሲገኝ ነው።

ገዳም ማለት ብቸኝነት ማለት የሚመስለው ከውጭ ለሚያይ ሰው ነው። ያደግሁት በሐይቅ እስጢፋኖስ ጥላ ሥር ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። እንደዚያ ያለ መጽሐፍ አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም። ፍየሉን የሚያረባ አለ፣ ቆዳውን ወጥሮ የሚፍቅ አለ፣ ቀለም የሚበጠብጥ አለ፣ የሚጽፍ አለ፣ ሐረግ የሚጥል አለ፣ የሚደጉስ አለ። ጸሐፊው ሲሳሳት የሚያርመው ጎኑ የተቀመጠው ወንድሙ ነው። ተማሪዎችህን ከሰው ራቁ ስትላቸው የሚሠራ እጃቸውን እንዳታሳጣቸው እፈራለሁ።

የከሚሴ ልጅ (ሚኒሶታ)

የሁለታችሁንም አነበብኩ። እኔ በሦስተኛው በኩል እመጣለሁ፣ በዘር።

ተወልጄ ያደግሁት ከሚሴ ነው፤ አፌን በኦሮምኛና በአማርኛ እኩል ፈታሁ። አገር ቤት ሳለሁ ማን እንደሆንኩ የሚነግረኝ መንደሩ ነበር፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት የልጅ ልጅ። አሜሪካ ስገባ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀረና ጥቁር ሆንኩ። ሱቅ ውስጥ ከኋላዬ የሚከተለኝ ጠባቂ አያቴ ማን እንደነበሩ ግድ አይሰጠውም። ያየው ቆዳዬን ነው። ሌሊት ሌሊት ቢሮ እያጸዳሁ፣ ቀን ቀን እየተኛሁ፣ በረዶ ላይ ዱካዬን ብቻ እያየሁ በኖርኩበት ጊዜ ነው እርሳስ ያነሣሁት። ከዚያ በፊት ሥዬ አላውቅም።

የሠራሁት ግን ሁሉ የፊት ሥዕል ነበር፤ ከሚሴ ገበያ ላይ የማስታውሳቸው ፊቶች። ለምን እንደምሠራ የገባኝ የጃኮብ ሎረንስን ሥራ ካየሁ በኋላ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ የጥጥ እርሻ ተነሥተው ወደ ሰሜን ከተሞች የተሰደዱበትን ታሪክ በ60 ሥዕሎች ነው የሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲጨርስ ገና ወጣት ነበር። እናቱ በ13 ዓመቱ ሃርለም አምጥታ ከትምህርት በኋላ የሚውልበት የሕፃናት ማእከል አስገባችው፤ ሥዕል የጀመረው እዚያ ነው። መጀመሪያ የሞከረው የእናቱን ምንጣፍ ጥለት መገልበጥ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ለስደቱ ሥዕሎች መረጃ የሰበሰበው በሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሰሌዳዎቹን በማዘጋጀት የረዳችው በኋላ ሚስቱ የሆነችው ሠዓሊ ግዌንዶሊን ናይት ናት። 60ዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ አንዱን ቀለም በሁሉም ላይ ከቀባ በኋላ ነበር ወደሚቀጥለው ቀለም የሚሻገረው። ለዚህ ነው ሁሉም አንድ ሥራ የሚመስለው። ዛሬ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ሥዕሎች ኒው ዮርክ፣ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ዋሽንግተን ይገኛሉ።

ሥዕሎቹ ውስጥ ባቡር ጣቢያ ላይ የታጨቀው ሕዝብ ፊቱ ዝርዝር የለውም፤ ጀርባው፣ ሻንጣው፣ ባርኔጣው ብቻ ነው የሚታየው። ሳየው የደሴ መናኸሪያን አየሁ። ወደ ጂቡቲ፣ ወደ የመን የሚወጡትን ልጆች አየሁ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ሎይስ ሜይሉ ጆንስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1932 የኢትዮጵያን ወደ ላይ መውጣት የሚያሳይ ሥዕል ሠርታለች። የአፍሪካ ልጆች ከጥንቱ ዘመን እየወጡ እስከ ሰማይ ጠቀሱ ከተማ ድረስ ይደርሳሉ፤ ላይ ሙዚቀኛው፣ ተዋናዩ፣ ሠዓሊው አለ። በዚያ አገር ጥቁር ሰው በዘሩ ሲዋረድ የእኛ አገር ስም መከበሪያው ነበር። እሷ ያስተማረችበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በኋላ ኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንን መምህር አድርጎ ተቀበለ፤ እስክንድርም እዚያ ለረጅም ዘመን አስተምሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። ስለዚህ ዘር ቁስል ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ቁስሉን የያዙት ሰዎች ተሰብስበው ትልቅ ሥራ ሠርተውበታል። ዐውደ ርእዩ ይህን እንዲያነሣ እመኛለሁ።

ሀገሬ ወሎ

የከሚሴው ወንድማችን የጻፍከው የአሜሪካ ነገር ነው፤ ያንተን ሕመም አላቃልልም። እዚህ ግን ወሎ ነው። ወሎ ዘር አይጠይቅም። እስላሙ ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ያቀብላል፣ ክርስቲያኑ ለመስጊድ እንጨት ይሸከማል፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች አንዱ ይጾማል አንዱ ይሰግዳል። ይህን የመሰለ ጸጋ ይዘን ዘር የሚል ርእስ ግድግዳ ላይ መስቀል ያለንን ማበላሸት ነው። በዚህ ዘመን ይህ ቃል ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ እያየን! ስለ ፍቅራችን ሥሩ። ስለ አምባሰልና ስለ ባቲ ሥሩ፤ ኢትዮጵያ ከምታዜምባቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ የእኛን ቦታ ስም የያዙ ናቸው። ይህ አይበቃም?

የሸክላ ልጅ

ለመጻፍ አመንትቼ ነበር። «ወሎ ዘር አይጠይቅም» የሚለውን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሀገሬ ወሎ፣ ስለ ሃይማኖቱ የጻፍከው እውነት ነው፤ እኔም የኖርኩበት ነው። ነገር ግን እኔ ከሸክላ ሠሪ ቤት ነኝ። ወሎ ዘሬን ጠይቆኛል። እኔ መልስ ሳልሰጥ ራሱ መልሶልኛል።

እናቴ የሠራችው ጀበና የሌለበት ቤት በሠፈራችን የለም። ምጣዱ የእሷ ነው፣ ድስቱ የእሷ ነው፣ የጠላ ጋኑ የእሷ ነው። ቡና ሲፈላ ግን እናቴ የምትቀመጠው በር አጠገብ ነበር። ሕፃን ሲታመም እናቶች ልጃቸውን ከእኛ ዐይን ይሸሽጉ ነበር። ማታ ጅብ ይሆናሉ ይባል ነበር። ታላቅ እህቴን ለትዳር የጠየቀ ወጣት ቤተሰቡ የእኛን ቤት ሲያውቅ ጥያቄው ቀረ፤ ሽማግሌ እንኳ አልላኩም፣ ዝም ብለው ቀሩ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በመልክ አንለይም፣ በቋንቋ አንለይም፣ በሃይማኖት አንለይም። የምንለየው እናቴ እጇን ጭቃ ውስጥ በማስገባቷ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው አትስደቡ ብለው ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው እህቴ የቀረችው።

መምህር፣ ለተማሪዎችዎ ከሰው ራቁ እንደሚሏቸው ጽፈዋል። እናቴን ማንም ራቂ ብሎ መምከር አላስፈለገውም፤ ገበያ ስትሄድ ከሁሉ ዳር ነው የምትቀመጠው። ብቸኝነትን የሚመርጥ ሰውና ብቸኝነት የተጫነበት ሰው አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። እናቴ ስትሠራ አይቼ የማውቀው ደስታ ግን ነበር። ጭቃውን ቆፍራ ታመጣለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ የተሰበረ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች፤ ይህ ካልተደረገ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። በእጇ ብቻ ነው የምታቆመው። ዙሪያውን እየዞረች ትገነባዋለች፤ ዕቃው ቆሞ እሷ ነች የምትዞረው። በወንዝ ጠጠር ታለሰልሰዋለች። ከዚያ ኩበትና ጭራሮ ከምራ ታቃጥላለች። በዚያ ሰዓት አክስቶቼና ጎረቤቶቻችን፣ እንደኛው ሸክላ ሠሪ የሆኑት፣ አብረው ያመጣሉ፤ አንድ እሳት የሁሉንም ይተኩሳል። ዘፈን አለ፣ ሳቅ አለ። የተገፉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ጎረቤት ነበሩ። እኔ የሰው ምስል በሸክላ መሥራት የተማርኩት ከዚያ እሳት ዳር ነው።

የከሚሴው ወንድሜ ስለዚያች አሜሪካዊት ሠዓሊ የጻፍከው ሲነካኝ አደረ። እሷ በዘሯ ስትገፋ የኢትዮጵያን ስም ይዛ ቀና አለች። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የእኔ ቅድመ አያት ከገበያው ዳር ተቀምጣ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳይ ሥራ ማየት እፈልጋለሁ። ወይም ራሴ እሠራዋለሁ።

የጦሳ ሥር (ደሴ)

የሸክላ ልጅ፣ እህቴ፣ ጽሑፍሽን ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው። አንዲት ልጅ ስታለቅስ ምን ሆንሽ አልተባባልንም፤ ገባን። ከሰው ራቁ የሚለውን ምክር አሁንም ለአንዳንዱ ተማሪ እሰጣለሁ፤ ዝምታ የሚያስፈልገው እጅ አለ። አንቺ የለየሽው ልዩነት ግን ትልቅ ነው፤ ዐውደ ርእዩ በዚያ ላይ መቆም አለበት። የሸክላ ምስሎችሽን ብታመጪ ምን ይመስልሻል?

የዳና ደረሳ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጆቼ። ዕድሜዬ የገፋ ነው፤ በልጅ ልጄ እጅ ነው የማስጽፈው።

የብቸኝነትና የሰው መሃል ክርክራችሁን ስሰማ መንዙማ ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ ሁለቱ አልተጣሉም። ሼሁ ኸልዋ ይገባሉ፤ ከሰው ተለይተው፣ ምግባቸውን ቀንሰው፣ ሌሊቱን በዚክር ያነጋሉ። ግጥሙ የሚመጣው እዚያ ነው። ከኸልዋ ሲወጡ ግን ግጥሙ ገና አልተጠናቀቀም። ጀማው ይሰበሰባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ድቤው ይመታል። አውጪው አንዱን ስንኝ ያወጣል፣ ጀማው ይቀበለዋል። ጀማው ያልተቀበለው ስንኝ ይሞታል። የተቀበለው ስንኝ ከሼሁ ዕድሜ በላይ ይኖራል፤ ፊደል ያልቆጠረችው እናት ልጇን እያዘለች ትለዋለች።

ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን የማታውቁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ እስላም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ፣ ብዙ ሰው ቀየውን ጥሎ ተሰደደ። ሼህ ጠልሃ ያን ዘመን አይተዋል፤ ተቃውመዋል፣ ተንከራተዋል። መንዙማ የገጠሙት ግን በዐረብኛ ብቻ አልነበረም፤ ገበሬውና እረኛው እንዲሰማው በአማርኛም ገጠሙ፤ በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ። የተገፋ ሰው ከገፋው ሰው ጋር በሚጋራው ቋንቋ አላህን ሲማጸን አስቡት።

ሀገሬ ወሎ፣ ልጄ፣ ፍቅራችንን መውደድህ ሸጋ ነው። ግን ፍቅራችን ከሰማይ የወረደ አድርገህ አትየው። ከዚያ መከራ በኋላ እስላሙና ክርስቲያኑ ቁጭ ብለው፣ ተጋብተው፣ በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ ዕድር፣ ተቀባብረው፣ በደረቅ ዘመን አብረው ዱዓ አድርገው ያበጁት ነው። የተበጀ ነገር ደግሞ የጎደለው ይኖራል። ይህች የሸክላ ሠሪ ልጅ የጎደለውን አሳየችን። ልጄ፣ አንቺን ያሳደገች እናት ከበር አጠገብ መነሣት አለባት። እኔ ቤት ብትመጣ መደቡ ላይ ነው የማስቀምጣት።

ክርና መርፌ (ሐርቡ)

አባባ፣ ዱዓዎ ይድረሰን።

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ጥልፍ እጠልፋለሁ። ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት ሠርቼ ተመልሻለሁ። የገባሁበት ቤት እመቤት ስሜ ለአፏ እንደማይመች ነግራኝ ከእኔ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ትጠራኝ ጀመር። ልጆቹም በዚያው ስም ጠሩኝ። ስልኬ ማታ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። በቆዳዬ የሚሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

ያረጀ የትራስ ልብስ ሰጥተውኝ ነበር፤ እሱ ላይ ጠለፍኩ። ክሩን ከሚጣሉ ልብሶች እየመዘዝኩ ነው ያገኘሁት። ሌላ ጥለት ስለማላውቅ የእናቴን ቀሚስ የአንገት ጥልፍ ነበር ከትዝታዬ የምሠራው። እጄ ሲረሳው እፈታዋለሁ፣ ሲያስታውሰው እቀጥላለሁ።

ከሐርቡና ከአካባቢው የሄድን ልጆች በስልክ የምንገናኝበት ቡድን ነበረን፤ አንዳችን ጅዳ፣ አንዳችን ቤይሩት፣ አንዳችን ሪያድ። መጻፍ ለማይችሉት በድምፅ ነበር የምንላላከው። አንድ ሌሊት ወጥ ቤት ተቀምጬ እንዲህ ብዬ አንጎራጎርኩና ላክሁ፦

ከንጋት እስከ ማታ ጠሪዬ በርክቶ፣
በስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው ግን ጠፍቶ።

ጠዋት ስልኩን ሳገኝ ቤይሩት ያለችው ጎረቤቴ መልሳልኝ ነበር፦

ስምሽን ሐርቡ ላይ አደራ ሰጥተሻል፣
አንቺ እስክትመጪ ማን ይወስድብሻል።

እሷን በአካል ከተለያየን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ያወጡ ይቀበሉ ጀመር፤ አባባ ስለ ጀማው እንዳሉት። ማታ ማታ እየጠለፍኩ እነሱን አዳምጥ ነበር። ስመለስ የትራስ ልብሱን ይዤ መጣሁ። አሁን ከተመለሱት ጋር እዚህ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንጠልፋለን። የጦሳ ሥር ወንድሜ ከሦስቱ አንዱን ምረጡ ብለህ ስትጠይቅ ለእኔ ይህ መምረጥ አይሆንልኝም። ብቻዬን የሆንኩት በዘሬ ነው፤ ያልሞትኩት በጓደኞቼ ነው፤ ሦስቱም አንድ ትራስ ልብስ ላይ አሉ።

የከሚሴ ልጅ (ሚኒሶታ)

ክርና መርፌ፣ እህቴ፣ ይህን አንብቤ ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም።

ላንቺ የማወራልሽ ነገር አለ። አላባማ ውስጥ ወንዝ በሦስት በኩል የከበበው ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ እዚያው እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ፔትዌይ የሚባለውን የእርሻውን ጌታ ስም ይዘዋል። ስምን ስለመቀማት አንቺ የጻፍሽውን ሳነብ እነሱ ነበሩ የመጡብኝ። ሴቶቹ ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ድሆች ስለነበሩ፣ ቤቱም ብርድ ስለሚያስገባ ነው የጀመሩት። አንዷ በአንዷ ቤት ተሰብስበው እየዘመሩ ይሰፉ ነበር።

ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን፣ ከነጉልበቱ እድፍ፣ ቆራርጣ አንድ ብርድ ልብስ ሰፋች። ልጇ አርሎንዚያ ስትናገር እናቷ እሱን ለማስታወስና ለፍቅር ስትል ከሥሩ ልትተኛ እንደሠራችው ተናግራለች። እ.ኤ.አ. በ2002 የመንደሩ ሴቶች ሥራ ሂዩስተንና ኒው ዮርክ በሚገኙ ትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አወጣው። እያንዳንዱ ብርድ ልብስ ሥር የሠፊዋ ስም ነበር። የእገሊት ፔትዌይ፣ የእገሊት ፔትዌይ። የተጫነባቸውን ስም የራሳቸው አድርገውት ነው ግድግዳው ላይ የወጡት።

ያ የትራስ ልብስ ዐውደ ርእዩ ላይ ካልተሰቀለ የተሰቀለው ሁሉ አይበቃኝም።

ሐይቅ ዳር

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እኔ ራሴ ሰው መሃል መሆንን አጥብቄ የደገፍኩ ሰው ነኝ፤ ግን ጎረቤት ሥራን ሊያፍንም ይችላል። በቀያችን አንዲት ሴት የልጇን ሞት ደጋግማ በእንጉርጉሮ ስታወጣው «በቃሽ፣ ፈጣሪን ማማረር ይሆንብሻል» ተብላ ዝም ተሰኝታለች። ለቅሶ ቤት ሙሾ ማውረድ የተፈቀደ ነው፤ ሠልስቱና አርባው ካለፈ በኋላ ግን ኀዘኗን ይዛ ብቻዋን መቅረቷን ማንም አይጠይቅም። ዐውደ ርእዩ ጉርብትናን ሲያወድስ ይህንንም እንዲይዝ እፈልጋለሁ። ቅሬ የሚቀብረውን ያህል የሚያዳምጥ ቢሆን ስንት ዜማ በተረፈልን!

ሀገሬ ወሎ

የሸክላ ልጅ፣ እህቴ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩ። የወሎን ፍቅር እስከ ዛሬም እወደዋለሁ፣ እሟገትለታለሁ። ለዚሁ ፍቅር ስል አንድ ጥያቄ አለኝ። እናትሽ ዐውደ ርእዩን ለመክፈት ይመጣሉ? የሚመጡ ከሆነ የእኔ እናት የቡናውን ዕቃ ይዛ ትመጣለች፤ አነጋግሬያታለሁ። ጀበናው ግን ከእናንተ ቤት ይሁን ብላለች።

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ቡድኑ ትናንት ማታ ተሰብስቦ ነበር፤ የተወሰነውን ላካፍላችሁ። አንድ ርእስ አንመርጥም። ክርና መርፌ እንደጻፈችው ሦስቱንም እንይዛለን። አዳራሽ ስላልተሳካልን አንድ ጓደኛችን ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለውን መጋዘን ሰጥቶናል። ግድግዳው ሻካራ ነው፣ ብርሃኑ ግን ከሁለት በኩል ይገባል፤ ለሸክላ ምስል ይህ ይሻላል። የገበያ ቀን እንከፍታለን፤ ዕቃ ሊሸጥና ሊገዛ የመጣው ሰው ጫማው ጭቃ ቢሆንም ይግባ። የከሚሴው ወንድማችን የፊት ሥዕሎቹን በፎቶ ይልካል፣ እዚህ አትመን እንሰቅለዋለን። የዳና ደረሳ አባባ፣ ከጀማዎ ጥቂት ሰዎች ይዘው ቢመጡልን መኪና እንልካለን። የሸክላ ልጅ፣ የቀረን ያንቺ መልስ ነው።

የሸክላ ልጅ

እናቴን ነገርኳት። መጀመሪያ «ምን ልታደርጉኝ ነው?» አለች። ከዚያ የሀገሬ ወሎን ጽሑፍ ሳነብላት ዝም ብላ ቆየችና ጀበና መሥራት ጀመረች፤ የነበረው አይበቃም፣ አዲስ ይሁን ብላ።

እንመጣለን። ሦስት ነገር ግን እንድታደርጉልን እንፈልጋለን። የሚቀርበው የእኔ ምስል ብቻ አይሁን፤ የእናቴና የአክስቶቼ ጋን፣ ምጣድና ድስት እኩል ቦታ ይሰጠው፤ ጥግ ላይ እንደ ጌጥ አይቀመጥ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ሥር የሠሪዋ ስም ከነአባቷ ይጻፍ፤ «የወሎ ባህላዊ ሸክላ» ተብሎ እንዳይታለፍ። ከአክስቶቼ አንዷ ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፣ ገና ልጆቿን ያላጋባች ናት። የእሷ ዕቃ ሥር ባዶ ወረቀት ይለጠፍ፤ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እኔ ቆሜ እነግረዋለሁ። ሦስተኛው ለክርና መርፌ ነው፤ የትራስ ልብሱ ከእኛ ጋኖች አጠገብ ይሰቀል፣ እናቴ ናት የጠየቀችው።

ትልቁ ጋን ለሁለት ሰው የሚከብድ ነው፤ ከቤታችን እስከ መኪና መንገዱም ቁልቁለት ነው። መምህር፣ ከተማሪዎችዎ ጉልበት ያላቸውን አራት ልጆች እሑድ ከሰዓት በኋላ ይላኩልን። ገለባ እኛ ጋ አለ፤ ገመድ ግን ይዘው ይምጡ።